ክቡር «ቆይ እስቲ» እና አሸዋ የያዛት ኤሊ

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ «ቆይ እስቲ» አይጠፋም። ባንክ ብትገቡ አለ፤ ሆስፒታል ብትገቡ አለ፤ ፋብሪካም፣ ትምህርት ቤትም፣ አውቶቡስ ተራም ሳይቀር አለ። ሥራው አልቆ፣ ሰው ሁሉ ኮቱን ደርቦ አንድ እግሩን ከበሩ ሲያወጣ፣ እሱ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዐይኑ ያወርድና «ቆይ እስቲ» ይላል። በቃ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በጊዜ ቤቱ አይገባም። የተነበበው እንደ አዲስ ይነበባል፣ የተቆጠረው እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ የታሸገው ይፈታል። ከመቶው ዘጠናውን ጊዜ ምንም ስሕተት አይገኝም። እሱ ግን ማፈር ብሎ ነገር አያውቅም። «ይኸው፣ ትክክል መሆኑን አረጋገጥን» ብሎ ጃንጥላውን አንሥቶ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን ሰው በሩቁ ለሚያየው ያስቃል። ሥራችሁ ማርስ ላይ ያለች ሮቦት መንዳት ከሆነ፣ ሮቦቷም አሸዋ ውስጥ ተቀርቅራ ልትሞት ሁለት ቀን ከቀራት ግን አያስቅም። ይህን ከነጂዋ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነጂዋ ትነዳለች እንጂ መሪ የላትም፣ ፍሬን የላትም፣ መንጃ ፈቃድ የጠየቃትም የለም። ያላት አንድ የሚንቋቋ ወንበርና ሁለት ስክሪን ነው። የምትነዳት ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ያለችው ጎረቤት ፕላኔት ላይ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ኤሊ» ይላታል። በሰዓት መቶ ሜትር ከሄደች ጋለበች ተብሎ ይወራላታል። ከዚህ የተላከ ምልክት እሷ ዘንድ ለመድረስ ዐሥራ ሦስት ደቂቃ ስለሚፈጅበት «ግራ! ቀኝ! ያዢ!» እያሉ መንዳት የለም። የቀኑ ትእዛዝ ሁሉ አንድ ላይ ይጻፋል፤ «ደብዳቤ» ይሉታል። ከማርስ በላይ የምትዞር ሳተላይት አለች፤ በቀን ሁለት ጊዜ በኤሊዋ አናት ላይ ታልፋለች። ረፋዱ ላይ ስታልፍ እዚህ ያሉት ይናገራሉ፣ ደብዳቤው ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደግሞ ኤሊዋ ትናገራለች፣ መልሷ ይመጣል። ረፋዱ ካመለጠ እስከ ነገ ረፋድ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

መንዳቱ የዘር ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ኤሊዋ አሸዋ ውስጥ ከገባች ወዲህ በየጠዋቱ ይደውላሉ።

«ወጣች?»

«አልወጣችም፣ አባዬ።»

«ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉላት አላልኩሽም?»

«ድንጋዩን ማን ሄዶ ያድርግላት?»

«ረዳት የላትም እንዴ?»

«የላትም።»

«ያለ ረዳት ነው እንዲያ ያለ አገር የሰደዳችኋት?» ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ። ነጂዋን ቀኑን ሙሉ የሚያንገበግባት ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ያን አሸዋ ጠንካራ መሬት ነው ብላ ኤሊዋን ያቆመቻት ሌላ ማንም ሳይሆን እሷ ናትና።

የዚህ ቤት ክቡር «ቆይ እስቲ» በሥራ መደባቸው ደብዳቤ አራሚ ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ ማዕረጋቸው ይበዛል። «ክቡርነታቸው ሊፍት ውስጥ ናቸውና በደረጃ እንሂድ» የሚል ንግግር በየኮሪደሩ ይሰማል። ሊፍቱ ግድግዳ ላይ «ከስድስት መቶ ኪሎ በላይ አይጫንም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሕንጻው ከተሠራ ጀምሮ ይህን ጽሑፍ ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰው ሲበዛ በሩን በእጃቸው ይይዙና «ቆይ እስቲ፣ አንተ ስንት ኪሎ ነህ?» ብለው መደመር ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ የአለቃውን ባለቤት ጠየቋት። ሴትየዋ ባሏን ልትጠይቅ ስትመጣ እስከ ዛሬ አምስት ፎቅ በእግሯ ነው የምትወጣው።

የልደት ቀን የተከበረለትማ ሰው ነበር። ሻማው በርቶ፣ ሰው ሁሉ ለዘፈን አፉን ከፍቶ ሳለ ክቡርነታቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይተው «ቆይ እስቲ፣ ዛሬ ዐሥራ ስድስት አይደለም እንዴ?» አሉ። ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ እስኪፈስ ድረስ መታወቂያ ተፈለገ። አንጀት የሚያሳርረው ደግሞ ልደቱ በእርግጥም በማግሥቱ ሆኖ መገኘቱ ነው። ባለ ልደቱ ለካ ሰው የደከመበትን ድግስ እንዳላበላሽ ብሎ አፍሮ ዝም ብሏል።

ይህ ሁሉ ግን ከደብዳቤ አነባበባቸው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። ሌላ አራሚ ቢሆን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያነብባል። ክቡርነታቸው በጉልበታቸው ነው የሚያነቡት። በስብሰባው ክፍል ወለል ላይ ድንጋዩንም ጉድጓዱንም ልክ ኤሊዋ እንዳለችበት አድርገው በጠመኔ ይስላሉ። ከመሳቢያቸው ሴራሚክ አንጣፊዎች የሚያስሩትን ዓይነት የጉልበት መከላከያ ያወጣሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ጥግ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ በአራት እግር ይሆናሉ። ነጂዋ መስመር በመስመር ታነባለች፤ እሳቸው ይታዘዛሉ።

«ወደ ፊት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር።» ይድሃሉ። «ቀኝ ዐሥር ዲግሪ።» ይዞራሉ። «ፎቶ አንሺ።» አንገታቸውን ቀና አድርገው «ቀጭ!» ይላሉ። ይህች «ቀጭ» ካልተባለች ወደሚቀጥለው መስመር አይታለፍም። እንግዳ የሚመጣ ቀን ያ ክፍል በቁልፍ ይዘጋል።

ታዲያ ደብዳቤ ያለ ሁለት ፊርማ አይሄድም፤ አንዱ የነጂዋ፣ አንዱ የአራሚው። አለቃው በአራሚው ፈንታ መፈረም ይችላል የሚል ደንብ አለ፤ ነገር ግን ክቡርነታቸው አራሚ ከሆኑ ወዲህ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተደርጎ አያውቅም። አለቃው ራሱ እንዲህ ያለ መብት እንዳለው የረሳው ይመስል ነበር።

ኤሊዋ የተቀረቀረችው ከሃያ ሁለት ቀን በፊት ነው። የነጂዋ ደብዳቤ የዚያን ቀን አጭር ነበር፤ ከፊትሽ ካለው ድንጋይ ማዶ ያለውን አፈር በእጅሽ ንኪ የሚል። ኤሊዋ እጅ አላት፤ ከደረቷ ወደ ፊት የሚዘረጋ፣ ጫፉ ላይ መመርመሪያ ያለበት ረጅም ክንድ ነው። እጇን በድንጋዩ አሻግራ አፈሩን ስትነካ፣ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር የነበረው ቅርፊት ድንገት ተሰበረና ወደ ጎን ዘመመች። ፀሐይ የምትሞቅበት ሶላሯም ከፀሐይ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ኑሮ በቁጥር ሆነ። ባትሪዋን የሚጠብቀውን ሰውዬ «ሐኪሙ» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የበሽተኛ ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ቁጥሯን ያስታውቃል። ስልሳ ሁለት ነበረች። ሃምሳ ገባች። አርባ አንድ። ሠላሳ ሦስት። ሃያ ከገባች የማርስን ብርድ የምትቋቋምበት አቅም አይኖራትም፤ ትተኛለች፣ በዚያው አትነሣም።

እነሱም ሃያ ሁለቱን ቀን ከሕንጻው ጀርባ ባለው የአሸዋ ግቢ ውስጥ ከረሙ። እዚያ የኤሊዋ መንትያ አለች። ማርስ ላይ ዕቃ ሁሉ ይቀላል፤ እዚህ መቶ ኪሎ የሆነው እዚያ አርባ እንኳ አይሞላም። መንትያዋም በዚያው ልክ እንድትቀል ብለው ባትሪዋን፣ ሶላሯን፣ ካሜራዋን፣ እጇን፣ ያልፈቱላት ነገር የለም። የቀረችው ስድስት ጎማና አጥንት ናት። እሷን እየቀበሩ፣ እያወጡ፣ እንደገና እየቀበሩ፣ አሸዋው ጆሯቸው ውስጥ ሳይቀር ገባ። በመጨረሻ መላው ተገኘ። ጎማዎቹን በየተራ፣ በጣም በዝግታ እያዞሩ ወደ ኋላ መውጣት። ነጂዋ ሃያ ስምንት መስመር ደብዳቤ ጻፈች። መንትያዋ ላይ ስድስት ጊዜ ተሞከረ፤ ስድስቱንም ጊዜ ሠራ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ገባና «ሃያ አራት» አለ። «አቧራው እየበዛ ነው። በቀን ሁለት እየቀነሰች ነው የምትሄደው።»

ጣት ማጠፍ የማያስፈልገው ሒሳብ ነው፤ ዛሬና ነገ። ከነገ ወዲያ የለም።

ሳተላይቷ የምታልፈው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሁሉም በስብሰባው ክፍል ግድግዳ ዙሪያ ተደርድረው ቆሙ። አለቃው ቀንም ሆነ ማታ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከሰዓቱ ላይ ዐይኑን ጨርሶ አላነሣም።

«ጋሼ፣ ዛሬስ እባክዎ...» አለ።

«ምን አልኩ?» አሉ ክቡርነታቸው ጉልበታቸውን እያሰሩ።

«ገና አላሉም።»

ነጂዋ ማንበብ ጀመረች። ክቡርነታቸው በጠመኔ ከተሳለው ድንጋይ ፊት ተንበርክከው ወደ ኋላ ይድሁ ገቡ። አራት ሰዓት ከግማሽ። በየመሐሉ እየቆሙ ይተነፍሳሉ፤ ሹራባቸው ጠመኔ ነካው። ዐሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ጉልበታቸውን ሊያሹ ሲቆሙ አለቃው ጥርሱን ሲያፋጭ ነጂዋ ሰማችው። አራት ከአርባ ሲሆን ሃያ ስምንተኛው መስመር አለቀ። አንዲት «ቆይ» አልተሰማችም። ሐኪሙ ትንፋሹን ለቀቀ።

ክቡርነታቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ብዕር ተቀበሉ። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ቆመ። በጠመኔ የነጡ መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ቆይ እስቲ።»

አለቃው ዐይኑን ጨፈነ።

«እኔ በእጄ ስሄድ ነበር» አሉ ክቡርነታቸው። «እጆቼን ጎማ አድርጌያቸዋለሁ። የእሷ እጅ የት ነው ያለው?»

«ተሰብስቧል፣ ጋሼ» አለ አለቃው። «በሁለተኛው ቀን እጅሽን ሰብስቢ ብለናታል።»

«እሱንማ ብለናታል። ሰበሰብኩ አለች ወይ?»

ነጂዋ ወደ ስክሪኗ ሮጠች። የሁለተኛውን ቀን መልስ አወጣች። የጎማዎቹ ፎቶ መጥቷል። ከፎቶው በኋላ ሳተላይቷ አልፋ ስለነበር ወሬው መሐል ላይ ተቆርጧል። ስለ እጇ አንድም ቃል የለም። ፎቶው ሲመጣ ሌላውም እንደ ተፈጸመ ቆጥረውት፣ በዚያው ወደ አሸዋው ግቢ ሮጠዋል።

«ከዚያ ወዲህ ያነሣነው ፎቶ የለም?» ብላ ጠየቀች።

«የኋላ ጎማዎቹን ብቻ» አለ ሐኪሙ። «ባትሪ ለመቆጠብ።»

ክቡርነታቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው ነበር። ከሁለተኛው ቀን ጎን በእርሳስ የተጻፈች አንዲት የጥያቄ ምልክት ነበረች። «ይኸው ጽፌዋለሁ። ከዚያ እኔም ረሳሁት» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «መንትያዋ እጅ የላትም። ሃያ ቀን እጅ የሌላትን ሳይ ከርሜ፣ ያቺኛዋም የሌላት መሰለኝ።»

«አራት ከሃምሳ!» አለ አለቃው። «ጋሼ፣ ትእዛዙ ተልኳል። ተሰብስቧል። ከመቶው ዘጠናው ተሰብስቧል ነው።»

«ዐሥሩስ?»

«ነገ ሃያ ሁለት ናት! ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ሌላ ቀን የለንም!»

«ዛሬ ከተበላሸ ነገም የለንም» አሉ ክቡርነታቸው። ከወለሉ ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው፤ እዚያው ተቀመጡ።

አለቃው ጎንበስ ብሎ ብዕሩን ከእጃቸው ወሰደ። በአራሚው ቦታ ላይ ፈረመ። የቤቱ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ላኪ» አላት ነጂዋን።

ነጂዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደብዳቤው ስክሪኑ ላይ ነው፤ የቀረው አንድ መጫን ብቻ። በዚያች ደቂቃ ክቡር «ቆይ እስቲ»ን ከልቧ ጠላቻቸው። ያመለጣትን አውቶቡስ ሁሉ፣ የቀዘቀዘባትን ምሳ ሁሉ፣ በእሳቸው ምክንያት ያረፈደችበትን ቀጠሮ ሁሉ አስታወሰች። ብትልክና ቢሠራ ኤሊዋ ነገ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እሷም ለአባቷ «ወጣች» ትላቸዋለች። ብትተወውና ባትሪው ቢያልቅ ኤሊዋን ሁለት ጊዜ ገደለቻት ማለት ነው። አራት ከሃምሳ አምስት።

ዐይኗን ጨፍና የኤሊዋን እጅ ለማየት ሞከረች። አልመጣላትም። የመጣላት የመንትያዋ አጥንት ብቻ ነው፤ ባዶ ደረት፣ እጅ የለ፣ ምን የለ። ሰባት ዓመት የነዳቻትን ሮቦት መልክ ረስታዋለች።

ወረቀቱን ሳበችና በገዛ ፊርማዋ ላይ መስመር አሰመረችበት።

«አልልክም» አለች።

አምስት ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ላይ ሳተላይቷን የምታመለክተው አረንጓዴ ነጥብ ጠርዝ ደርሳ ጠፋች። አለቃው ወጣ፤ በሩን ሲዘጋው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙም ተከተለው። ነጂዋ ወደ ክቡርነታቸው ዞረች።

«ጋሼ፣ ተሳስተው ከሆነ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልዎትም።»

«እኔም ራሴን ይቅር አልልም» አሉ። ከዚያ ጫማቸውን እንድታቀብላቸው ለመኗት።

ከምሳ በኋላ ግን አለቃውና ሐኪሙም ተመልሰው አራቱም አሸዋው ግቢ ነበሩ። ቀድሞ የፈቱትን እውነተኛ እጅ መልሰው መንትያዋ ላይ ቢገጥሙት ክብደቷ ሊዛባ ነው። ክቡርነታቸው ከጽዳት ክፍል የመጥረጊያ እንጨት ይዘው መጡና በሽቦ ደረቷ ላይ አሰሩላት፤ ጫፉን በድንጋይ አሻግረው አሸዋው ውስጥ ሰካ አደረጉት። ነጂዋ ስድስት ጊዜ የሠራውን ያንኑ ደብዳቤ ለቀቀችው።

አንደኛው መስመር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። አራተኛው ላይ እንጨቱ ድንጋዩን ያዘና መንትያዋ ቆመች። ጎማዎቹ ግን አልቆሙም። ወደ ጎን እየተጠማዘዘች ከግማሽ አካሏ በላይ አሸዋው ውስጥ ገባች፤ በመጨረሻ እንጨቱ «ቋ» ብሎ ተሰበረ። አለቃው ጎንበስ ብሎ ስባሪውን አነሣና ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ያቺኛው ግን ተሰብስቦም ሊሆን ይችላል» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ ክቡርነታቸው። ከሁሉም የገረጣው ፊት የእሳቸው ነበር።

በማግሥቱ ሃያ ሁለት ገባች። አዲሱ ደብዳቤ ሠላሳ ሦስት መስመር ነው። እጅሽን ፎቶ አንሺ፤ እጅሽን ሰብስቢ፤ ተሰብስቦ ካላገኘሽው ምንም እንዳትነቃነቂ፤ ከተሰበሰበ ብቻ ወደ ኋላ ውጪ። ክቡርነታቸው የመጥረጊያውን ስባሪ ደረታቸው ላይ አስረው ዳሁ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚስቅ ሰው በሳቅ ይወድቅ ነበር። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም አለቃው ራሱ ጎን ለጎናቸው ተንበርክኮ ድንጋዩ ያለበትን በጣቱ ያሳያቸው ነበር። «ቀጭ!» ሲሉ «አዎ፣ ቀጭ» አለ። አራት ከሃምሳ ሁለት ላይ ፈረሙ። ነጂዋ ፈረመች። ሄደ።

መልሷ የሚመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አራቱን ሰዓት ምን ይሥሩት? ነጂዋና ክቡርነታቸው ምሳ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሁለቱም አልበሉም። በቤቱ ከጥንት ጀምሮ የሚወራ ወሬ አለ። ክቡርነታቸው ወጣት ሳሉ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሳያዩ በፈረሙት ደብዳቤ አንዲት ሮቦት ጠፍታባቸዋለች፤ እንዲህ የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። እንዲያውም ማታ ማታ ስሟን እየጠሩ ያለቅሳሉ የሚልም አለ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና... እውነት ነው? አንዲት ሮቦት ጠፍታብዎት ነበር የሚባለው?»

«ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ ይለዋል።»

ክቡርነታቸው ከልባቸው ተገረሙ። «ኧረ ምንም አልጠፋብኝም! እናቴን ብታውቂያት ኖሮ ይህን አትጠይቂም ነበር። ከቤት ስትወጣ የበሩን እጀታ ሦስት ጊዜ ነው የምትነካው። እኔ ሁለት ጊዜ ነው፤ በጣም ተሻሽያለሁ።» ሹካውን ከማንኪያው ጎን አስተካከሉ። «ሮቦት የጠፋብኝ ዛሬ ከጠፋች ነው። ትናንት ፊርማሽን ስትሰርዢ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? በልቤ፣ ‘አንቺ ልጅ፣ ምነው ባላመንሽኝ’ አልኩ።»

ነጂዋ እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አፍ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማይፈሩ ሰው መስለዋት ነበር። ፈሪ ሆነው ተገኙ፤ ከሁሉም የባሱ ፈሪ። ፍርሃታቸውን ግን ጉልበቱን አስረው በየቀኑ ወለሉ ላይ ያስድሁታል።

ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ ብቅ አለች። የመጀመሪያው ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተከፈተ። ቀይ ሰማይ። የድንጋዩ ጫፍ። ከድንጋዩ ማዶ ደግሞ የኤሊዋ እጅ፣ እንደ ተዘረጋ፣ እስከ አንጓው ድረስ አሸዋ ውስጥ ተሰክቶ።

አለቃው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «በእኔ ቢሆን ልኬው ነበር እኮ» አለ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ልኬው ነበር።»

ሁለተኛው መስመር መጣ፤ እጅ ተሰብስቧል። ሦስተኛው መጣ፤ ስድስቱም ጎማዎች ዞረዋል። ነጂዋ አራተኛውን በጣቷ አሳየች፤ ሐኪሙ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አነበበላት። ወደ ኋላ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ሄዳለች። ዝማሜዋ ቀንሷል። ሶላሩ ፀሐይ አግኝቷል።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሐኪሙ አለቃውን አቀፈው፣ አለቃው ወንበር አቀፈ፣ ነጂዋ እንባዋ ሳይታወቃት ወረደ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የታወቀ ድምፅ ተሰማ።

«ቆይ እስቲ። ፎቶው የዛሬ ነው?»

ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ቀኑን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ። የዛሬ ነው። «ይኸው፣ አረጋገጥን» አሉ ክቡርነታቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀውም በሹራባቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷ ደወሉ።

«ወጣች?»

«እየወጣች ነው፣ አባዬ። ባትሪዋም ጨመረ።»

«ያለ ረዳት?»

«አላት ለካ» አለች ነጂዋ። «በጉልበቱ የሚሄድ አንድ ረዳት አላት።»

«ጎበዝ ነው?»

«አንጀቴን ሲያሳርረው ነው የኖረው። ግን እሱ ከሌለ አልነዳም።»

«ረዳት እንዲህ ነው» አሉ አባቷ፤ የዚያን ቀን ስልኩን ሳይዘጉ ብዙ አወሩ።

ኤሊዋ ከዚያ በስድስተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ጠንካራ መሬት ላይ ቆመች። በቤቱ ልማድ አንድ ቦታ ላይ ችግር አይታ የወጣች ነጂ ለዚያ ቦታ ስም የማውጣት መብት አላት፤ ስሙ ከነመገኛ ቁጥሩ ቅጽ ላይ ተሞልቶ በካርታው ይመዘገባል። ነጂዋ ቅጹን ሞላች። ቅጹም እንደ ደብዳቤው የአራሚውን ፊርማ ይጠይቃል።

ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችውና ፊቷ እየቀላ ቆመች። «የቦታው ስም» በሚለው ፊት «ቆይ እስቲ» ብላ ጽፋለች። ክቡርነታቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጀርባቸው የሚባለውን የሚያውቁ ይሁኑ አይሁኑ ማንም አያውቅም።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አነበቡ። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡ። ሹራባቸውን ወደ ታች ጎተት አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይ እስቲ» አሉ።

እሳቸው እርሳስ አወጡ። በመገኛ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ነበር፤ ስሕተቷ ብታልፍ ጉድጓዱ ከእውነተኛው ቦታ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ይመዘገብ ነበር። ቀስ ብለው አስተካከሉና ፈረሙ።

ስሙን ግን አልነኩትም።